የጨዋታውን ሰዓት ማን ይወስን? ስለ ሙቀት፣ ስለ ጭስና ስለ ጎርፍ ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም የአየር ንብረት ለውጥ ስፖርቱን እየጎዳው ነው ብለን ጥቂት መስመር ጽፈን ነበር። ደብዳቤው በዛ። የተናደደ አለ፣ የተጨነቀ አለ፣ ምን አገባችሁ ያለን አለ። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን ስድስት ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛው ነው።

ጥያቄ፦ የምታጋንኑት ይመስለኛል። ስፖርት ድሮም በፀሐይና በዝናብ ነበር የሚደረገው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል። የአሁኖቹ ልዩ ጫማ አላቸው፣ ሐኪም አላቸው፣ አንገታቸው ላይ የሚጠመጥሙት በረዶ አላቸው። ታዲያ ምን አዲስ ነገር ተፈጠረ?
(የረጅም ጊዜ የአትሌቲክስ ተከታታይ)

መልስ፦ ጥሩ ሰው ጠቀሱ፣ ከእሱው እንጀምር። የ1960ው የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን የተጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ለምን ቢሉ፣ የቀኑን ፀሐይ ለመሸሽ። አበበ የጨረሰውም መሽቶ፣ መንገዱ በችቦ እየበራለት ነው። ያኔም አዘጋጆቹን ሙቀት ያሳስባቸው ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ያኔ ውድድሩን ጥቂት ሰዓት ፈቀቅ ማድረግ ይበቃ ነበር። ዛሬ ሌሊቱም አልበቃ እያለ ነው።

የ2019ኙን የዶሃ የዓለም ሻምፒዮና ያስታውሱ። የሴቶች ማራቶን የተጀመረው እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። በዚያ ሰዓት ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተሰለፉት 68 ሴቶች 28ቱ አቋርጠው ወጡ። ሦስቱም የኢትዮጵያ ተወዳዳሪዎች አልጨረሱም። በተሽከርካሪ ወንበር የተወሰዱ ነበሩ፣ በቃሬዛ የተወሰዱም ነበሩ። ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በ2:32:43 ገባች። ይህች ሴት በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዱባይ ውስጥ 2:17:08 ሮጣለች። ሻምፒዮና ላይ ሯጮች እየተጠባበቁ ስለሚሮጡ ሰዓት መዘግየቱ ያለ ነው፤ ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ በመጠባበቅ አይጠፋም።

ጥንካሬ ማጣት ነው እንዳይሉኝ፣ በሌሊሳ ዴሲሳ ላስረዳ። ከሳምንት በኋላ በዚያው በዶሃ የወንዶቹን ማራቶን ያሸነፈው እሱ ነው፤ ሞስነት ገረመው ተከትሎት ገባ። ሌሊሳ ሙቀት የማይችል ሰው አይደለም። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ኦሎምፒክ አልጨረሰም። ያ ማራቶን ሙቀት ተፈርቶ ከቶኪዮ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወደምትገኘው ሳፖሮ ተዛውሮ ነበር፤ ሙቀቱ እዚያም ተከተላቸው። የሴቶቹ ውድድር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ከቆየ በኋላ ዋዜማው ማታ ላይ "12 ሰዓት ሆኗል" ተባሉ። አራት ዓመት የተዘጋጀች ሯጭ ስትተኛ ይህን ስትሰማ አስቡት! ከ106ቱ ወንዶች 30ው አቋረጡ፣ ሦስቱም የኢትዮጵያ ሯጮች ከእነሱ ጋር። ሁሉም በሙቀቱ ብቻ ወጡ ማለቴ አይደለም። ግን የዓለም ምርጦች ከተሰለፉበት ውድድር ከሩብ በላይ ሰው ሲወጣ እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ገላችን እንዴት እንደሚሠራ ካወቁ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ቢበዛ ሩቡ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ገላ ውስጥ ይከማቻል። ሯጭ ያን ሙቀት የሚያወጣው በዋናነት በላብ ሲሆን ላብ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ብቻ ነው። ወበቅ ሲሆን አየሩ ራሱ በውሃ ስለተሞላ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ስለዚህ ደረቅ 36 ዲግሪ ከሚጥለው ሰው ይልቅ ወበቅ ያለበት 30 ዲግሪ የሚጥለው ሊበልጥ ይችላል። የውስጥ ሙቀት 40 ዲግሪን ሲያልፍ አእምሮ መሳት ይጀምራል። ይህን ጫማ አያስተካክለውም። በረዶውም ለጥቂት ደቂቃ ያስታግሳል እንጂ 42 ኪሎ ሜትር አያደርስም፤ ዶሃ ላይ የወደቁትም በረዶውም ፎጣውም ነበራቸው።

አዲስ ነገሩ ምንድነው ላሉኝ፦ 2024 በተመዘገበው ታሪክ ከሁሉም የሞቀው ዓመት ነበር፤ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው አማካይ ከ1.5 ዲግሪ በላይ ሞቆ ያለፈው የመጀመሪያው ዓመትም እሱ ነው። 1.5 ሲሰሙት ትንሽ ነው። ነገር ግን አማካዩ ትንሽ ከፍ ሲል እጅግ የሚሞቁት ቀናት በብዙ ይጨምራሉ። ሯጭን የሚጥለው አማካዩ ሳይሆን ያ አንድ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ታዳጊዎችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። ሜዳው የሚለቀቅልን ቀትር ላይ ነው። ውሃ በደንብ አጠጣቸዋለሁ። ይበቃል? መቼ ነው "ዛሬ ልምምድ የለም" ማለት ያለብኝ?
(የታዳጊ ቡድን አሠልጣኝ)

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ይህን ጥያቄ በመጠየቅህ ግን በጣም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ብዙ አሠልጣኝ ውሃ ካለ ሁሉም ነገር ያለ ይመስለዋል።

ውሃ ድርቀትን ይከላከላል። እየሞቀ ያለን ገላ ግን ለብቻው አያድነውም። በደንብ የጠጣ ልጅም ሙቀት ሊመታው ይችላል። ሳይጠማው በግድ ከልክ በላይ የሚጠጣ ልጅ ደግሞ ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ ሌላ አደጋ ላይ ይወድቃል። ውሃው በቅርብ ይሁን፣ ሲጠማቸው ይጠጡ፣ እረፍቱን አብዛው፣ ጥላ ፈልግላቸው። ዋናው መፍትሔ ግን ሰዓቱን መቀየር ነው። የሜዳውን ኃላፊ ደጋግመህ ጨቅጭቀው። ወላጆቹንም ይዘህ ሂድ። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ብቻ መሥራት ቀትር ላይ ለሁለት ሰዓት ከመሥራት ይሻላል።

መቼ ልሰርዝ ላልከው፣ ስልክህ ላይ የምታየውን ዲግሪ ብቻ አትመን። የስፖርት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ የፀሐይ ጨረርንና ንፋስን አንድ ላይ የሚያሰላ ነው። ቁጥሩም ብዙ ጊዜ ከተራው ቴርሞሜትር ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ በዚህ መለኪያ 28 ማለት ቀላል አይደለም። የተጫዋቾች ዓለም አቀፍ ማኅበር ፊፍፕሮ በዚህ መለኪያ ከ26 ካለፈ የማቀዝቀዣ እረፍት ይሰጥ፣ ከ28 ካለፈ ጨዋታው ይራዘም ይላል። ፊፋ ደግሞ የማቀዝቀዣ እረፍትን ያስቀመጠው 32 ላይ ነው። እኔ ከተጫዋቾቹ ጋር ነኝ፤ ሜዳ ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው። ልብ በል፣ ይህ ሁሉ ለጎልማሳ ፕሮፌሽናል የተቀመጠ ነው። የአንተ ልጆች ከዚያ በጣም ቀድመው መቆም አለባቸው። ልጅ ከአዋቂ ያነሰ ነው የሚያልበው፣ ከአካባቢው የሚቀበለው ሙቀት ግን ለገላው ሲታይ ይበዛል፣ ደግሞም ጨዋታ ካማረው ደከመኝ አይልም። መለኪያው ከሌለህ ራስህን አዳምጥ። ቆመህ እያየህ ብቻ ልብስህ በላብ ከራሰና አልደርቅ ካለ ልምምዱን በትነው።

ሜዳችሁ ሰው ሠራሽ ሣር ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቅ። ፀሐይ ሲበረታ የሰው ሠራሽ ሣር ገጽ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ልጁ ከላይም ከታችም ይጠበሳል። ሌላው ደግሞ ከእረፍት የተመለሱትን ወይም ከቀዝቃዛ ቦታ የመጡትን አታጣድፋቸው። ገላ ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልምምድ አጭርና ቀላል ይሁን።

አሁን የምጽፈውን ደግሞ ቆርጠህ ልብስ መቀየሪያችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፈው። አንድ ልጅ መንገዳገድ ከጀመረ፣ ወሬው ከተምታታበት፣ ያለወትሮው ከተናደደ ወይም ራሱን ከሳተ ሙቀት መትቶታል ብለህ ተነስ። ማላቡን ወይም አለማላቡን አትጠብቅ፣ እያላበውም ይሆናል። አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፣ አንተ ግን አምቡላንሱን ቆመህ አትጠብቅ። ልጁን ጥላ ውስጥ አስገባ፣ ልብሱን ቀንስ፣ በርሜል ወይም ገንዳ ካለ አንገቱ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከረውና ጭንቅላቱን ደግፈህ ያዝ። ከሌለ ሙሉ ገላውን በውሃ አርስና አራግብለት፣ በረዶ ካገኘህ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርግ። ራሱን ለሳተ ልጅ በአፉ ምንም አትስጥ። የስፖርት ሐኪሞች መመሪያ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው። እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት።

ጥያቄ፦ ክለቦቹ ሚሊየን በሚሊየን ናቸው። አንድ ጨዋታ ቢሰረዝባቸው ምን ይሆናሉ? "ኢንዱስትሪው አደጋ ላይ ነው" ስትሉ ለማን ነው የሚታዘነው?
(እግር ኳስ አፍቃሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ ለትልልቆቹ ክለቦች እዘኑ አላልንም። እነሱ ኢንሹራንስ አላቸው። ጨዋታ ሲሰረዝ የቀን ገቢው የሚቀርበት የጥበቃው፣ የትኬት ቆራጩ፣ ምግብ አቅራቢዋ፣ የካሜራ ባለሙያው ነው። ከዚያ በኋላ ታችኛው ሊግ ያለው ትንሽ ክለብ ይመጣል። እንግሊዝ ውስጥ ካርላይል ዩናይትድ ሜዳው በ2005ም በ2015ም በጎርፍ ተውጧል። ሀብታም ክለብ ሜዳው በሳምንታት ውስጥ ተቀይሮ ይነጠፍለታል፤ ትንሽ ክለብ ግን ለተጫዋች ያስቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ ጭቃ ይጠርጋል።

ንግዱ ራሱ እንዴት እንደተገነባ እዪው። ስፖንሰሩ፣ የቴሌቪዥን መብቱ፣ ትኬቱ፣ የአውሮፕላኑና የሆቴሉ ቦታ፣ ሁሉም የሚሸጠው "በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ ጨዋታ ይኖራል" በሚል ቃል ኪዳን ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የሚያፈርሰው ይህንኑ ቃል ኪዳን ነው። በ2019 ጃፓን ባዘጋጀችው የራግቢ የዓለም ዋንጫ ሃጊቢስ የተባለ አውሎ ነፋስ መጥቶ ሦስት ጨዋታዎች ተሰረዙ፤ በውድድሩ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ናሚቢያና ካናዳ የመጨረሻ ጨዋታቸውን ሳይጫወቱ አገራቸው ተመለሱ። ያን ቀን ሊጫወቱ የነበሩት ካናዳውያን ጨዋታው ሊደረግባት የነበረችውን ከተማ ጭቃ ከነዋሪው ጋር ሲያፀዱ ዋሉ፣ ይህን ባነሳሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። በግንቦት 2023 የኢሞላው ፎርሙላ ዋን ውድድር በጎርፍ ምክንያት ቀረ። በግንቦት 2024 ደቡብ ብራዚል ላይ የግሬሚዮም የኢንተርናሲዮናልም ስታዲየሞች ውሃ ውስጥ ገቡ፣ የአገሪቱ ሊግም ለሁለት ዙር ቆመ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ቫሌንሲያ አካባቢ ከ200 በላይ ሰው የገደለ ጎርፍ ደረሰ፤ ቫሌንሲያ ከሪያል ማድሪድ የነበራቸው ጨዋታ ተራዘመ፣ መራዘምም ነበረበት።

እያንዳንዱን ጎርፍ ብቻውን ነጥለን የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው ማለት ልክ አይሆንም። ጎርፍ ድሮም አለ። ነገር ግን አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የሚሸከመው እርጥበት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሲዘንብ ታዲያ ያን ሁሉ ያወርደዋል። ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ይህን ሒሳብ ያውቁታል፣ አደጋ ሲደጋገም የመድን ዋጋ ይወደዳል ወይም አንዳንዱን ነገር አንሸፍንም ይላሉ። ያን ጊዜ ውድድር ለማዘጋጀት የሚደፍረው ባለብዙ ገንዘብ ከተማ ብቻ ይሆናል።

ድርቅም አለ። በ2016 በሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት ሰው የሚጠጣው ውሃ አጥቶ ሳለ የክሪኬት ሜዳ ይጠጣል ወይ ተብሎ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም የክሪኬት ሊጉ የግንቦት ጨዋታዎች ከግዛቱ እንዲወጡ አዘዘ። እኔ ውሳኔውን ትክክል እለዋለሁ። ስፖርት እወዳለሁ፣ ግን ከሰው ጉሮሮ በላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ በረዶ በማሽን እየተሠራ አይደል? ታዲያ የበረዶ ስፖርት ምን ያሰጋዋል?
(ተማሪ)

መልስ፦ ይሠራል። የ2022ቱ የቤይጂንግ የክረምት ኦሎምፒክ ከሞላ ጎደል በሰው ሠራሽ በረዶ ነው የተካሄደው። ግን ማሽኑ በረዶ የሚሠራው ከምንም ተነስቶ አይደለም። ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ብዙ መብራት ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ አየሩ ራሱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች እንዲቀዘቅዝ ይፈልጋል። አየሩ ከሞቀ ማሽኑም ይቆማል። ተፎካካሪዎቹም ሰው ሠራሽ በረዶ ጠንካራና ፈጣን ስለሆነ ሲወድቁበት ይበልጥ እንደሚጎዳ ይናገራሉ።

በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት በ2022 ሲወጣ እንዲህ አለ፦ ምድርን የሚያሞቀው የጋዝ ልቀት አሁን ባለበት ከቀጠለ፣ የክረምት ኦሎምፒክን ካዘጋጁት 21 ከተሞች መካከል በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአስተማማኝ ሁኔታ ደግማ ማዘጋጀት የምትችለው አንዲት ብቻ ናት፣ ሳፖሮ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም ያስጠናው አለ። አሁን አቅሙ ካላቸው 93 ቦታዎች በ2050ዎቹ አየራቸው የሚታመነው 52ቱ ናቸው።

የጠፉም አሉ። ቦሊቪያ ውስጥ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የነበረው ቻካልታያ በአንድ ወቅት በዓለም ከፍተኛው የበረዶ ሸርተቴ ቦታ ነበር። ግግር በረዶው በ2009 አለቀ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ 11 ከተሞችን በማያያዝ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በቀዘቀዘ ውሃ ላይ የሚደረግ ታላቅ የስኬቲንግ ውድድር አለ። ውሃው በመንገዱ ሁሉ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ካልሠራ አይካሄድም። ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በጥር 1997 ነው። ያኔ የተወለደ ሰው ዛሬ ልጅ ወልዷል፣ ውድድሩን ግን በዓይኑ አላየም።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት በመኪና መንገድ ዳር እሮጣለሁ። ስመለስ ጉሮሮዬ ይከረክረኛል፣ አንዳንዴም ደረቴ ይጠብቃል። መሮጥ ይሻለኛል ወይስ መተው? ማስክ ባደርግስ?
(ለጤናዋ የምትሮጥ)

መልስ፦ ሩጫውን አትተዪ፣ መንገዱን ተዪ። ቁጭ ያለ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ቢያስገባ ነው። በኃይል የሚሮጥ ሰው ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። በአፍ ስለሚተነፍስ ደግሞ አፍንጫ የሚያጣራው ነገር ሳይጣራ በቀጥታ ሳንባ ይገባል። ጥሩ አየር የሚፈልገው ሰው ከሁሉ የከፋውን አየር ከሁሉ በላይ ይስበዋል ማለት ነው።

ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን በእጁ እያለ በ2008 የቤይጂንግ ኦሎምፒክ ማራቶንን አልሮጥም አለ። አስም ነበረበት፣ የከተማዋ አየር አሳስቦት ነበር። 10,000 ሜትሩን ሮጦ 6ኛ ወጣ፤ ከወር ብዙም ሳይቆይ በርሊን ላይ 2:03:59 ሮጦ የራሱን ክብረ ወሰን አሻሻለ። አቅም እንዳላነሰው በርሊን መሰከረ። በነገራችን ላይ የቤይጂንግ ባለሥልጣናት ለኦሎምፒኩ ሲሉ መኪኖችን በሰሌዳ ቁጥር በፈረቃ አደረጉ፣ ፋብሪካዎችን ዘጉ፣ አየሩም ተሻሻለ። ለእንግዳ ሲሆን የሚቻል ከሆነ ለነዋሪው የማይቻልበትን ምክንያት እስካሁን የነገረኝ የለም።

በታኅሣሥ 2017 ዴልሂ ላይ የስሪላንካ ክሪኬት ተጫዋቾች ማስክ አድርገው ሜዳ ገቡ፣ ያስመለሳቸውም ነበሩ፣ ጨዋታው ደጋግሞ ተቋረጠ። በጥር 2020 ሜልቦርን ላይ የሰደድ እሳት ጭስ ከተማውን ሞልቶት የስሎቬኒያዋ ቴኒስ ተጫዋች ዳሊላ ያኩፖቪች የጨዋታውን የመጀመሪያ ክፍል ካሸነፈች በኋላ ሳል ይዟት ተንበረከከች፣ ጨዋታውንም አቋረጠች። የሰደድ እሳቱን ወቅት የሚያረዝመውና የሚያበረታው ደግሞ ያው ሙቀቱና ድርቁ ነው።

ማስክን በተመለከተ፣ የጨርቁ ደቃቁን ብናኝ አያግድም። ከፀጉር 30 ጊዜ ያህል የቀጠነ ነገር ነውና በጨርቁ ያልፋል። የሚያግደው ጠንካራው ማስክ ደግሞ ለሩጫ ትንፋሽ ያሳጥራል። ይልቅ ከዋናው መንገድ ራቂ፣ ጥቂት መቶ ሜትር ገባ ማለት እንኳ ለውጥ አለው። መኪና ሳይበዛ ውጪ። ስልክሽ ላይ የአየር ጥራት ቁጥር የሚያሳይ መተግበሪያ ካለ እዪው፦ ከ100 ሲያልፍ አስም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ፣ ከ150 ሲያልፍ ማንም ሰው ከባድ ልምምድ ውጪ ባይሠራ ይሻላል። ያን ቀን ቤት ውስጥ ሥሪ። የደረትሽን መጥበቅ ግን ችላ አትበዪው፣ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ በአውሮፕላን ዓለምን የሚያካልል፣ የነዳጅ ኩባንያ ስም ማሊያው ላይ የሚለጥፍ ስፖርት ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲናገር ያበሳጨኛል። ራሱ አይደል የሚበክለው?
(የተናደደ አንባቢ)

መልስ፦ ራሱ ነው። ንዴትህ ልክ ነው፣ እኔም አብሬህ ተናድጃለሁ።

የኳታሩ የ2022 የዓለም ዋንጫ ገና ሳይጀመር ፊፋ ራሱ 3.6 ሚሊየን ቶን ያህል የካርቦን ልቀት ገምቶ ነበር። ግማሽ ያህሉ ከጉዞ ነው። ከዚያ ግን ውድድሩ "ከካርቦን ነፃ" ነው ተብሎ ተለፈፈ። በሰኔ 2023 የስዊዘርላንድ የማስታወቂያ ሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ አካል አባባሉ ማስረጃ የሌለውና አሳሳች ነው ብሎ ወሰነ። ትምህርት ተወስዷል? የ2026ቱ የዓለም ዋንጫ 48 ቡድን፣ 104 ጨዋታ፣ ሦስት አገር፣ 16 ከተማ ነው። የ2030ው በሦስት አህጉር፣ በስድስት አገር ነው። የካርቦን ማካካሻ ዛፍ የፈለገውን ያህል ቢተከል ይህን የጉዞ መጠን ይዞ ስለ አየር ንብረት መስበክ አይቻልም። መፍትሔው አሰልቺ ቢመስልም የታወቀ ነው። ተቀራራቢ ከተሞች፣ ያነሰ ጨዋታ፣ ባለው ስታዲየም መጠቀም፣ በባቡር መጓዝ።

ሰው ሠራሽ ሣሩም ከዚሁ ጎራ ነው። ሜዳው ላይ የሚበተነው ጥቃቅን ጎማ በዝናብ እየታጠበ ወንዝ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2031 ጀምሮ እንዳይሸጥ ወስኗል። ስምንት ዓመት መስጠቱ ረዘመ እላለሁ፣ ግን ወስኗል።

አንድ ነገር ላይ ግን ልለይህ። "ራሱ ስለሚበክል ዝም ይበል" ካልን ዋጋውን የሚከፍለው አለቃው አይደለም። በጥር 2022 በአፍሪካ ዋንጫ ማሊ ከቱኒዚያ ሲጫወቱ ዛምቢያዊው ዳኛ ጃኒ ሲካዝዌ ጨዋታውን መጀመሪያ 85ኛው ደቂቃ ላይ፣ ከዚያ 90 ሳይሞላ ፊሽካ ነፍቶ ጨረሰው። ብዙ ተሰደበ። በኋላ ሙቀቱ እንደመታው ታወቀ። በሰኔ 2024 በኮፓ አሜሪካ አንድ የጓቲማላ ረዳት ዳኛ ካንሳስ ሲቲ ላይ መስመሩ ዳር ወደቀ። በቶኪዮ ኦሎምፒክ የቴኒስ ተጫዋቹ ዳኒል ሜድቬዴቭ ዳኛውን "ጨዋታውን ልጨርስ እችላለሁ፣ ግን ልሞት እችላለሁ፤ ብሞት ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?" ብሎ ጠየቀው። የሴቶቹ ተጫዋች ፓውላ ባዶሳ በተሽከርካሪ ወንበር ከወጣች በኋላ ነው ጨዋታዎቹ ከቀኑ 9 ሰዓት እንዲጀመሩ የተፈቀደው። ሰው እስኪወድቅ መጠበቅ ለምን አስፈለገ?

በሰኔ 2025 አሜሪካ ላይ በተደረገው የክለቦች የዓለም ዋንጫ የዶርትሙንድ ተቀያሪዎች የመጀመሪያውን አጋማሽ የተከታተሉት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሆነው ነው። ጨዋታው የተጀመረው ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳለች ነበር፤ ያ ሰዓት አውሮፓ ውስጥ ተመልካቹ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥበት ምሽት ነው። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ በየአጋማሹ የሦስት ደቂቃ የውሃ እረፍት እንዲኖር ወስኗል። ከምንም ይሻላል። ተጫዋቾቹ ማኅበራቸውን ይዘው የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው፦ ከቀትር ጨዋታ ይውጣ፣ የማቆሚያው ቁጥር አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ቁጥሩ ሲደርስ ጨዋታውን የሚያቆመው ሐኪሙ ይሁን እንጂ የቴሌቪዥን ኃላፊው አይሁን። ከአንባቢዎቼ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው። ጨዋታው ለተጫዋቹ ጤና ሲባል ለእኛ በማይመች ሰዓት ከተደረገ ነቅተን እንየው፣ ከተራዘመ ትኬታችንን ይዘን እንጠብቅ፣ ዳኛው በሙቀት ምክንያት ቢያስቆመው አንስደበው።